ወንበሩ ሁለት ነው፤ የጠፋው የግራው ነው

«በዓለም ላይ የፓይለት እጥረት አለ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር፣ ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ እጥረት ካለ ታዲያ ልጆቻችንን ለምን አይወስዷቸውም? ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ መሐንዲስ ይመረቃል። የበረራ ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ግን አመልካቹ ብዙ፣ የሚገባው ጥቂት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ብዙ ሰው በማይፈልግበት ቦታ ነው፦ የጠፋው አዲስ ገቢ የሚቀመጥበት ወንበር አይደለም።

ኮምቦልቻ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን፣ ዳሽ 8-400፣ ሁለት የአብራሪ ወንበር አለው። ግራው የካፒቴኑ፣ ቀኙ የረዳት አብራሪው ነው። ለቀኙ ወንበር የሚሆን ሰው ከዜሮ ተነስቶ በሁለት ዓመት ገደማ ይደርሳል። ለግራው የሚሆነው ግን በገንዘብ ብዛት ቶሎ አይደርስም፤ ሰዓት መብረር አለበት።

ነገሩን ለመረዳት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎ ተራራ መንገድ ማሰብ ይበቃል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሞልቷል። ተሳቢ ጭኖ፣ በክረምት ጉም፣ ከደሴ ሐረጎን አውርዶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚያስገባ ሹፌር ግን ባለንብረቶች እርስ በርስ የሚነጣጠቁት ሰው ነው። ረዳቱ ሹፌር የሚሆነው እንዲህ ካለው ሹፌር አጠገብ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ሹፌሩ ከሄደ ረዳቱም ባለበት ይቀራል። አነስተኛ አውሮፕላን ይዘው አጭር መስመር የሚሠሩ አየር መንገዶች ችግር በትክክል ይኸው ነው። እኛ «ረዳት አብራሪ» ማለታችን ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል።

ቁጥሩን እንመልከት። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሥልጠናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በታወቀ ትምህርት ቤት ከተሰጠ 150 ይበቃል። ዕድሜ 18። ለካፒቴንነት የሚያስፈልገው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓትና 21 ዓመት ይጠይቃል። በብዙ አገሮች አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ወይም ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድለትም። ዕረፍት፣ ሕመም፣ ሥልጠናና ተጠባባቂነት ሲቀነሱ በእጁ የሚቀረው 700 ወይም 800 ሰዓት ነው። ስለዚህ በ200 ሰዓት የገባ ልጅ ሁሉ ነገር ቢቀናው 1,500 ላይ የሚደርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብዙ አየር መንገዶች በራሳቸው ደንብ ከዚህ ከፍ ያለ ልምድ ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤቱን፣ የአውሮፕላን ዓይነት ሥልጠናውን (አንድን የተወሰነ አውሮፕላን ለማብረር የሚሰጠውን) እና የካፒቴንነት ኮርሱን ስንጨምር፣ ዛሬ የተመዘገበ ልጅ ግራ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሆን ፈጠነ ይባላል።

አጭር መስመር ላይ ሰዓት ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ በረራ ነው። በቀን ስድስት እንዲህ ያለ በረራ የሠራ አብራሪ ስድስት ጊዜ ተነስቶ ስድስት ጊዜ አርፏል፤ በየመሐሉ መሬት ላይ ተሳፋሪና ሻንጣ ሲራገፍ ጠብቋል፤ ሥራ ላይ አሥር ሰዓት ውሏል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ስድስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። ድካሙ ከረጅም በረራ ሰው ይበልጣል፣ ሰዓቱ ያንሳል። ክፍያው በበረራ ሰዓት የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡም ያንሳል። የአጭር መስመር አብራሪ ቅሬታ አብዛኛው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዳሽ ስንት አብራሪ ይፈልጋል? ሁለት ብሎ የሚመልስ ሰው አየር መንገድ ቢከፍት በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋል። አውሮፕላኑ በዓመት 2,500 ሰዓት ይብረር እንበል። አንድ ጥንድ አብራሪ 750 ሰዓት ከበረረ ከሦስት ጥንድ በላይ ያስፈልጋል። ድንገት ለሚታመም ሰው ተጠባባቂ፣ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) ለሚገባ ሰው ተተኪ፣ ለዓመት ፈቃድ መሸፈኛ ሲጨመር አምስት ጥንድ፣ ማለትም 10 ሰው ይሆናል። ሃያ አውሮፕላን ያለው ድርጅት 200 አብራሪ፣ ከእነሱም 100 ካፒቴን ይፈልጋል ማለት ነው። በወር አራት ካፒቴን ቢለቅበት በዓመት 48 ይሆናል፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቢቀረው ነው። የምልመላ ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆኖ «በዚህ ዓመት 80 አዲስ አብራሪ ቀጠርን» ብሎ ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል። ሰማንያዎቹ ሁሉ የቀኝ ወንበር ሰዎች ናቸውና አውሮፕላኖቹ ቆመው ያድራሉ።

አንድ ሰው ሲለቅ የሚጎድለው አንድ ሰው አይደለም። ትልልቅም ትናንሽም አውሮፕላን ያለው አየር መንገድ ውስጥ የሰፊ አካል አውሮፕላን ካፒቴን 65 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ (የዓለም አቀፍ ንግድ በረራ ጣሪያው ይህ ነው)፣ ቦታውን የሚይዘው ከመካከለኛው አውሮፕላን የመጣ ካፒቴን ነው። የዚያን ቦታ የዳሽ ካፒቴን ይይዛል። የዳሹን ግራ ወንበር የቀኙ ልጅ ይወርሳል። ለቀኙ አዲስ ይቀጠራል። አንድ ጡረታ፣ አራት ሥልጠና። እያንዳንዱ ሥልጠና ሰውየውን ሁለት ሦስት ወር ከመስመር ያወጣዋል፤ ደመወዙ ግን አይቆምም። የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ዳሽ ስለሆነ፣ ከላይ የሚሆነው ሁሉ ጫናው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ቦይንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንበያ በሃያ ዓመት ውስጥ ዓለም 674,000 አዲስ አብራሪ ትፈልጋለች ይላል። ቦይንግ አውሮፕላን ሻጭ ነውና፣ ሻጭ ስለ ገበያው ሲያወራ በምንሰማበት ጆሮ እንስማው። ትንበያው ስለ ጠቅላላ ቁጥር ነው የሚናገረው፤ የትኛው ወንበር እንደጎደለ ግን አይነግረንም።

አሁን ብዙ የአስተዳደር ሰው የማያየው ጉዳይ ላይ ደረስን፦ አሰልጣኝ ካፒቴን።

አዲስ ረዳት አብራሪ የዓይነት ሥልጠናውን ሲወስድ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ይማራል፦ የዳሹን ሞተር፣ ሃይድሮሊክ፣ ኤሌክትሪክ፣ የአደጋ ጊዜ ቅደም ተከተል። ከዚያ ከሌላ ሠልጣኝ ጋር ተጣምሮ ሲሙሌተር ይገባል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አራት ሰዓት ነው፣ ስምንት አሥር ጊዜ ይመላለሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈተናሉ። ለአንድ ጥንድ 40 ሰዓት እንበል። ሲሙሌተር በቀን 20 ሰዓት ሊሠራ ይችላልና በወር 600 ሰዓት አለው፤ 15 ጥንድ ይበቃዋል። ነባሮቹ 200 አብራሪዎች በየስድስት ወሩ የሚወስዱት ፈተናና ልምምድ በወር 130 ሰዓት ገደማ ቢወስድበት እንኳ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ሲሙሌተር ጠባቡ በር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ የራሱ የዳሽ ሲሙሌተር አለው፤ ሲሙሌተር የሌለው የአፍሪካ አየር መንገድ ሠልጣኙን አገር አሻግሮ ይልካል፣ በዶላር ይከፍላል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ለእንዲህ ያለው ድርጅት እርግጥ ሲሙሌተሩም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ጠባቡ በር ከሲሙሌተር ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ ፈተናውን አልፎ ተሳፋሪ ወዳለበት አውሮፕላን ሲመጣ ከተራ ካፒቴን ጋር ወዲያው አይመደብም። በግራው ወንበር አሰልጣኝ ካፒቴን ይቀመጣል፤ እንደ ድርጅቱ ደንብና እንደ ልጁ አቀባበል 40፣ 60፣ አንዳንዴም 100 ሰዓት አብረው ይበራሉ። አንድ አሰልጣኝ በወር 70 ሰዓት ከበረረ በወር አንድ ልጅ ቢያወጣ ነው። በወር አሥር አዲስ ሰው የሚቀጥር ድርጅት ሌላ ምንም የማይሠሩ አሥር አሰልጣኞች ይፈልጋል። በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ካፒቴንነት የሚያድጉት ልጆችም አሰልጣኝ ይጠይቃሉ፤ አሰልጣኙ ያን ጊዜ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያስተምረው፣ ስለዚህ ከቀኙ ወንበርም ቦታ ይወስዳል።

እነዚህ አሰልጣኞች እነማን ናቸው? ብዙ ሰዓት ያላቸው፣ መዝገባቸው ንጹሕ የሆነ፣ እንግሊዝኛቸው የተባ፣ ሰው ማስረዳት የሚችሉ ካፒቴኖች። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶችና የሌላ አገር ቀጣሪዎች መጀመሪያ የሚደውሉት ለማን ይመስላችኋል? ለእነሱው ነው። መቶ ካፒቴን ካለው ድርጅት ሃያ ተራ ካፒቴን ቢሄድ ጉዳት ነው፤ አሥር አሰልጣኝ ቢሄድ ግን ፋብሪካው ራሱ ይቆማል። ሆኖም በብዙ ቦታ የአሰልጣኝነት አበል እንደ ምርቃት የምትጨመር ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ወረቀት መሙላቱና የሌሊት ሲሙሌተር ፈረቃው ግን የእሱ ነው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለአዲስ ገቢ የፊርማ ጉርሻ ሳይሆን እዚህ ነው፦ ለአሰልጣኙ ጉልህ አበል፣ የወረቀት ሥራውን የሚረከብ ረዳት፣ በወር ውስጥ ሠልጣኝ የማይመደብበት ጥቂት ቀን። ሰው ከማስተማርም ይደክማል።

ትምህርቱን በደንብ ያሳየችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 (በኛ የካቲት 2001) ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ያው የኮምቦልቻው ዓይነት ዳሽ 8-400 ነበር፤ ብልሽት ግን አልተገኘበትም። መርማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ካፒቴኑ የተሳሳተ ምላሽ መስጠቱ ላይ ነው። ሕዝቡን ያስደነገጠው ግን ምርመራው ያወጣው የአብራሪዎቹ ኑሮ ነበር። ረዳት አብራሪዋ ከወላጆቿ ጋር ሲያትል እየኖረች የምትሠራው ኒዋርክ ነበር፤ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ማለት ነው። ሥራ ለመግባት ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ነው የመጣችው።

ከዚያ በኋላ ኮንግረሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም እንኳ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ግድ ሆነ። ከጦር ኃይል የመጣ በ750፣ በአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000 እንዲገባ ተፈቀደ። አሜሪካ እንግዲህ የቀኙንም ወንበር እንደ ግራው አጠበበችው። የሚበረው ልጅ 1,500 ለመሙላት በትንሽ አውሮፕላን ሌላ ሠልጣኝ እያስተማረ፣ ማስታወቂያ ጨርቅ እየጎተተ፣ የነዳጅ ቧንቧ መስመር እየቃኘ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሕጉ ደኅንነትን አሻሽሏል ወይስ ዋጋ ብቻ ጨመረ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም።

ቀጥሎ የሆነው ትንንሽ ከተማ ለሚኖር ሰው ትምህርት አለው። ግሬት ሌክስ የሚባለው ትንንሽ የገጠር ከተሞችን የሚያገለግል አየር መንገድ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. መደበኛ በረራውን አቆመ፤ አብራሪዎቹን ትልልቆቹ ወስደውበት ነበር። ሆራይዘን ኤር፣ እሱም ዳሽ 8-400 ያበር የነበረ፣ በ2017 በጋ በአብራሪ እጥረት በረራ ሰርዟል። ስካይዌስት በመጋቢት 2022 መንግሥት የሚደጉማቸውን የ29 ከተሞች በረራ ለማቆም ማስታወቂያ ሰጠ፤ ምክንያቱንም የአብራሪ እጥረት ብሎ ጻፈ። ተሳፋሪ አልጠፋም፣ ድጎማውም ነበር። የጎደለው በግራ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥር ያሉት ሦስቱ አነስተኛ አየር መንገዶች፣ ኢንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ፣ የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ጊዜያዊ ጭማሪ ነበር። ሌሎቹም ተከተሉ። አዲስ ገቢ ጎረፈ። ሆኖም ትልልቆቹ አየር መንገዶች ካፒቴኖቹን ብቻ ሳይሆን ካፒቴን ለመሆን የተቃረቡትን ረዳቶችም መውሰዳቸውን አላቆሙም ነበር። እዚያ ካፒቴን ለመሆን በመደበኛ አየር መንገድ ውስጥ በረዳትነት 1,000 ሰዓት መብረር ግዴታ ነው። አስቡት፦ ካፒቴን ስላነሰ አውሮፕላን ቆሟል፤ አውሮፕላን ስለቆመ አዲሶቹ ረዳቶች አይበሩም፤ ስለማይበሩ 1,000 ሰዓቱን አይሞሉም፤ ስለማይሞሉ ካፒቴን አይሆኑም። ደመወዝ እየተከፈላቸው ቤት የተቀመጡ ረዳቶች ተፈጠሩ። አንዳንዶቹ ድርጅቶች ሰዓቱን የሞላ ረዳት ወደ ካፒቴንነት የማደግ ግዴታ አለበት የሚል ደንብ እስከማውጣት ደረሱ። አዎ፣ ሹመት በግዳጅ። ረዳቱ አልፈልግም የሚለው ለምንድን ነው ካላችሁ፣ አዲስ ካፒቴን ካፒቴኖች በቀዳሚነት በሚሰለፉበት ዝርዝር መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ነው፤ በዓል የሚሠራው፣ በተጠባባቂነት ስልኩን ታቅፎ የሚያድረው እሱ ነው።

እንግዲህ ሰውን ማቆየት። መጀመሪያ ስለ ውል። በኛ አገር ድርጅት ያስተማረውን ሰው በውልና በዋስ ማሰር የተለመደ ነው። ውል ትክክል ነው፤ አብራሪ ማስተማር ውድ ነውና። የሚበላሸው አሠራሩ ነው። ዕዳው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ቀን በአንድ ጊዜ የሚወርድ ከሆነ፣ ሰውየው እስከዚያ ቀን ታስሮ ይቆያል፣ በማግስቱ ደብዳቤ ያስገባል፤ ድርጅቱም በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር አንድ ሙሉ ክፍል ካፒቴን ያጣል። ዕዳው በየወሩ እየቀለለ የሚሄድ ከሆነ መልቀቁ ይበተናል፤ ድርጅቱም ተተኪ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ጉርሻም እንደዚሁ ነው። በፊርማ ቀን የተከፈለ ጉርሻ ሲለቁ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ያቆማል፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈል ጉርሻ በሃያ አምስተኛው ወር መልቀቂያ ይጠራል። በየዓመቱ እያደገ የሚከፈል፣ ሲለቁ የሚቀረው ሁልጊዜ ከተቀበሉት የሚበልጥ ጉርሻ ይሻላል።

ከገንዘብ በላይ የሚሠራው ግን የበረራ መርሐ ግብር ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ የሚስቀው በሰው ፕሮግራም ኖሮ የማያውቅ ነው። የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም በያዝነው ወር አጋማሽ ከወጣ አብራሪው ሠርግም ለቅሶም መድረስ ይችላል፤ በ28ኛው ቀን ከወጣ አይችልም። ለዕረፍት የተሰጠ ቀን ተመልሶ የማይወሰድ ከሆነ፣ ሁለት አብራሪ ያለ አስተዳደር ፈቃድ ቀን መለዋወጥ ከቻለ፣ የወሩ ደመወዝ አውሮፕላን ቢሰበርም ቢያንስ ለ70 ወይም ለ75 ሰዓት ዋስትና ካለው፣ ብዙ ሰው ለጥቂት ዶላር ብልጫ አገር አይለቅም። ለአጭር መስመር ደግሞ የሥራ ቀን ክፍያ ወይም የምልልስ አበል መጨመር አለበት፤ አለዚያ ስድስት ጊዜ ያረፈው ሰው አንድ ጊዜ ተነስቶ ሰባት ሰዓት ከበረረው ያነሰ ይወስዳል።

ማደሪያም አለ። አውሮፕላን ማታ ኮምቦልቻ አድሮ ጠዋት መጀመሪያ ይነሳል እንበል። አብራሪዎቹ ደሴ ጥሩ ሆቴል ስላለ እዚያ ይደሩ ቢባል፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን የሐረጎ መንገድ ማታም ጠዋትም በጉም ይመላለሳሉ፤ ከሕጋዊው ዕረፍት ላይ ሁለት ሰዓት ተቆረጠ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጨለማ የሚያደርግ መጋረጃ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትኩስ ቁርስ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ ይበቃል። ጥቃቅን ይመስላል። ከሥራ የሚለቁ ሰዎች ለምን እንደለቀቁ ሲጠየቁ የሚዘረዝሩት ግን እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነው።

ሌላው የሚገርም ነገር፦ መሄጃውን ማሳየት ሰውን ያቆያል። አሜሪካ ውስጥ አነስተኛው አየር መንገድ ከትልቁ ጋር ተዋውሎ «በተራህ፣ ያለ ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ፣ ወደዚያ ትሻገራለህ» የሚል መንገድ ይከፍታል። ተራውን የሚያውቅ አብራሪ በየወሩ ሲቪ አይልክም፤ እስከ ተራው ይቆያል፣ አሰልጣኝም ይሆናል። መሰላሉ በአንድ ድርጅት ውስጥ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ብቻ ዝርዝሩ በግልጽ መለጠፍ አለበት። ማን፣ መቼ፣ ወደየትኛው አውሮፕላን። ዝርዝሩ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሐሜቱ ኮሪደር ላይ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በአብዛኛው በራሱ ትምህርት ቤት ያፈራል፤ የአገር ውስጥ ዳሾቹም ለብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ቤት ናቸው። ከውጭ ካፒቴን ገዝቶ ከመሙላት ይህ ይሻላል፤ ግን አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል፣ የዛሬ አምስት ዓመት የሚያስፈልገውን ካፒቴን ዛሬ መመልመል ነውና። የመመልመያውን ኩሬ ማስፋትም አንዱ ነው። አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ካፒቴን የሆነችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ድርጅቱ ሥራ ከጀመረ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ። ግማሹን ሕዝብ ትቶ ሰው ጠፋ ማለት አይቻልም።

የኮምቦልቻ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የማረፊያው ከፍታ ከባሕር ወለል 1,860 ሜትር ገደማ፣ በጫማ 6,100 ያህል ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው፤ ቀን ላይ 28 ከሆነ አየሩ ሳስቶ አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ የሚጫነው ይቀንሳል። ዙሪያው ተራራ ነው። ብዙ አየር መንገዶች በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያርፍ ካፒቴን ለቦታው የተለየ ገለጻ ወይም ልምምድ እንዲወስድ ይጠይቃሉ፤ ትናንት ካፒቴን የሆነ ሰውም ለተወሰነ ሰዓት በዝቅተኛ ዳመና እንዲያርፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ድርጅቱ መቶ ካፒቴን ቢኖረውም፣ በሐምሌ ጠዋት ለኮምቦልቻ የሚመደበው ከዚያ ያነሰ ነው። ካፒቴን ሲሳሳ መርሐ ግብር ሠሪው መጀመሪያ የሚነካው በቀን አንዴ የሚበረርባቸውን መስመሮች ነው፤ ሁለት አብራሪ 78 ሰው ይዘውም 300 ሰው ይዘውም ሁለት ናቸውና። እርግጥ የበረራ መሰረዝ ሁሉ የአብራሪ እጥረት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የተቋረጠው ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የክረምት ዳመናም የራሱ አለው።

ለማመልከት ላሰባችሁ ልጆች። ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታችሁ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራ መመዘኛውን እዩ። ዓይን በየተናጠል 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ማየት አለበት፤ በመነጽር ቢሆንም ይፈቀዳል፤ መነጽር ስላደረጋችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። ቀለም መለየት ግን የግድ ነው፣ ይህ ደግሞ ሰው ሳያውቀው የሚኖር ነገር ነው፤ ዓይን ክሊኒክ ሄዶ በባለ ነጠብጣብ ቀለም መጽሐፍ መፈተን ጥቂት ደቂቃ ነው። ጆሮ በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ ከ35 ዴሲቤል በላይ መስማት ማጣት የለበትም። ማሽን ክፍል ውስጥ ያለ ጆሮ መከላከያ የምትሠሩ ይህን አስቡበት። በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ንግግር ቢያንስ ደረጃ 4 ይጠየቃል፤ ደረጃ 4 በየሦስት ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየስድስት ዓመቱ ይታደሳል፣ 6 አይታደስም። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚፈተነው አንደበተ ርቱዕነት አይደለም፤ ያልተጠበቀ ነገር ሲነገራችሁ መልሳችሁ በትክክል መናገራችሁ ነው።

ተቀባይነት አግኝታችሁ የሥልጠና ውል ሲቀርብላችሁ፣ ዋስ የሚሆነውን አጎት ከመጥራታችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። የዕዳው መጠን በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ። በየወሩ ይቀንሳል ወይስ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ። በጤና ምክንያት ፈቃዳችሁን ብታጡ ዕዳው ምን ይሆናል። አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ የአገልግሎት ዘመኑ መቆጠር የሚጀምረው ትምህርት ቤት ከገባችሁበት ቀን ነው፣ ፈቃድ ካገኛችሁበት ነው፣ ወይስ የአሰልጣኝ ካፒቴኑን ክትትል ጨርሳችሁ በራሳችሁ ለመስመር ከተለቀቃችሁበት? በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሁለት ዓመት፣ አሰልጣኝ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ ልዩነት አለ።